የመኪና መለዋወጫ ዋጋ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ የወኪል ዕቃ፣ የገበያ ዕቃና ያገለገለ ዕቃ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ተሽከርካሪ ሲበላሽ ባለንብረቱ የሚተካውን ዕቃ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ያገኛል። እነዚህም የአምራቹ ወኪል፣ የመለዋወጫ ሱቅ እና ከፈረሰ መኪና የተፈታ ዕቃ የሚሸጥበት ተራ ናቸው። በሦስቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ በመሆኑ ምርጫው በቤተሰብ በጀት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጥገና ሂሳብና በመንገድ ደኅንነት ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው።

በአካባቢው በብዛት የተለመደው አሠራር ባለመኪናው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ለመካኒኩ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፍልበት ነው። ቀላል ጥገናዎችን በግቢው ውስጥ ራሱ የሚያከናውነውም ጥቂት አይደለም። በዚህ አሠራር የዕቃውን ጥራት የመለየት ኃላፊነት ከጋራዡ ወደ ገዢው ይዛወራል። በመሆኑም ገዢው ዋጋው ከምን እንደተገነባ፣ በየትኛው ዕቃ ላይ መቆጠብ እንደሚችልና በየትኛው ላይ እንደማይችል ማወቅ ይኖርበታል።

ጉዳዩን ያከበዱ ውሳኔዎች

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ውሳኔዎች በአገሪቱ ያሉ ተሽከርካሪዎች ለረጅም ጊዜ እየተጠገኑ እንዲያገለግሉ የሚያስገድዱ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ አድርጓል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢሎችን ጨምሮ 38 የዕቃ ዓይነቶች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የተደረገ ሲሆን፣ ይህ ክልከላ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ማሻሻያ ጋር ተነሥቷል። በሌላ በኩል በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ይፋ አድርጓል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በመለዋወጫ ዋጋ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከዚያ ቀን በፊት የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ምንዛሪ 20 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት 1 ሺህ 140 ብር ያህል ይሆናል። ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር የዚያው ዕቃ መነሻ ዋጋ ከ2 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። የነዳጅ መኪና በአዲስ መተካት አዳጋች በሆነበትና ዕቃውም በተወደደበት በዚህ ሁኔታ፣ የተሳሳተ ግዢ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው ከፍ ያለ ነው።

የአካባቢው ተሽከርካሪና መንገድ

በከተሞቹ ውስጥ የሕዝብ ማመላለሻውን ሥራ በአብዛኛው የሚሸፍኑት ባለ ሦስት እግር ባጃጆች ናቸው። በከተሞች መካከል "አባዱላ" በሚል ስም የሚታወቁት የቶዮታ ሃያስ ሚኒባሶችና "ቅጥቅጥ" የሚባሉት መለስተኛ አውቶቡሶች ይመላለሳሉ። የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የሌላም የመስኖ ምርት ጭነት በአብዛኛው በአይሱዙ ይጓጓዛል። በቤት አውቶሞቢልነት ከሚታወቁት መካከል ከድሮው "ዲኤክስ" ጀምሮ ያሉት የኮሮላ ዓይነቶችና ቪትዝ ይገኙበታል።

አካባቢው ለተሽከርካሪ አካል የራሱ ፈተና አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ መኪና ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ወደ መተሐራና አዋሽ ሲቀጥል ቁልቁለቱም ሙቀቱም ይጨምራል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ቢያሳጥርም የፍሬንና የጎማ ጉድለት በከፍተኛ ፍጥነት እንዲፈተን አድርጓል። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው ቀላልና አመዳማ የእሳተ ገሞራ አፈር የአየር ፊልትሮን ቶሎ ይደፍናል። በስምጥ ሸለቆው በርካታ ቦታዎች የሚገኘው የጉድጓድ ውኃ ማዕድን የበዛበት በመሆኑም በራዲያተር ውስጥ ሲጨመር ቅርፊት ሠርቶ የማቀዝቀዣ ቱቦዎችን ያጠባል።

አራቱ የዕቃ ዓይነቶች

በገበያው ውስጥ "ኦርጅናል" የሚለው ቃል ለተለያዩ ነገሮች ስለሚውል ገዢውን ያደናግራል። ዕቃዎቹን በአራት ከፍሎ ማየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው በመኪናው አምራች ስም በታሸገ ካርቶን የሚቀርበውና በወኪሉ በኩል የሚሸጠው ነው። በኢትዮጵያ ሞኤንኮ የቶዮታ፣ ኒያላ ሞተርስ የኒሳን ወኪል በመሆን ለረጅም ዓመታት ይታወቃሉ። በዚህ መንገድ የሚገዛ ዕቃ ለመኪናው ልክ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አይኖርም፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛው በታወቀ የዕቃ አምራች ስም የሚሸጠው ነው። የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኛውን የተሽከርካሪ አካል ከሌሎች ፋብሪካዎች ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የተቋቋመው ዴንሶ፣ እንዲሁም አይሲን፣ ቦሽ፣ ኤንጂኬና ካያባ ለመኪና ፋብሪካዎች ያቀርባሉ፤ በራሳቸው ካርቶንም ለገበያ ይሸጣሉ። ካንዴላው ወይም አሞርዛተሩ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ በሁለት ስምና በሁለት ዋጋ ሱቅ ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አምራቹ በውል የማይታወቅ ተለዋጭ ዕቃ ሲሆን፣ በሱቅ "ቻይና"፣ "ታይዋን" ወይም "ኮፒ" እየተባለ በአገር ስም ይጠራል። አጠራሩ ስለ ጥራቱ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። በአንድ አገር ውስጥ ለዓለም አቀፍ የመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርብም፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ዕቃ የሚያመርትም ፋብሪካ ይኖራልና። በዚህ ክፍል ውስጥ የታወቀ አምራችን ስም ሰርቆ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ለብቻው መታየት ያለበት ነው፤ ዋጋው ርካሽ ላይሆንም ይችላል።

አራተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። ከፈረሱ መኪናዎች የተፈታ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ በርና ፋናሌ በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ በስፋት የሚሸጥ ሲሆን፣ ከአዳማና ከሌሎቹ ከተሞች የሚሄዱ ገዢዎችም ይጠቀሙበታል። ያገለገለ ዕቃ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የመጀመሪያ ሥራ በመሆኑ ልኩ ይገጥማል፤ የቀረው ዕድሜ ግን አይታወቅም።

በእነዚህ ተራዎችና ጋራዦች የሚሠራባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላና ማርሚታ የሚሉት ስሞች በመካኒኮች ዘንድ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። በወኪል መደብር ግን ዕቃው በእንግሊዝኛ ስምና በቁጥር ስለሚመዘገብ ገዢው የአምራቹን የዕቃ ቁጥር ይዞ መቅረቡ ይመረጣል።

የዋጋው ልዩነት መነሻ

የወኪል ዕቃ የሚወደደው ለጥራቱ ብቻ ተብሎ አይደለም። በዋጋው ውስጥ የመኪና አምራቹ የስም ክፍያ፣ ለዓመታት ተፈላጊ ያልሆኑ ዕቃዎችን በመጋዘን የማቆየት ወጪ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የዋስትና አገልግሎት ይካተታሉ። ወኪሉ ግብሩን በሙሉ በደረሰኝ እየከፈለ የሚሠራ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በሱቅ የሚቀርበው ዕቃ ብዙ የሚሸጡ ዓይነቶችን ብቻ በመያዝ ወጪን ይቀንሳል።

በሁለቱም ላይ መንግሥት የሚሰበስበው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ወደ አገር የሚገባ መለዋወጫ እንደ ዓይነቱ የጉምሩክ ቀረጥ ይጣልበታል። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የ10 በመቶ ሱር ታክስም በሚመለከታቸው ዕቃዎች ላይ ይታከላል። ታክሱ በታክስ ላይ ስለሚደራረብ በመነሻ ዋጋ መካከል ያለው አነስተኛ ልዩነት ሱቅ ሲደርስ ሰፍቶ ይታያል።

የአቅርቦቱ መስመርም የራሱ ድርሻ አለው። ከጅቡቲ ወደብ በሚሌ በኩል የሚመጣው ጭነት አዳማን አቋርጦ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ አስመጪዎች መጋዘን ይገባል፤ ቀጥሎም በጅምላ ነጋዴ እጅ አልፎ ወደ አዳማ፣ ባቱና ሻሸመኔ ሱቆች ይመለሳል። በአዳማ ደጃፍ ያለፈ ዕቃ በተጨማሪ ትርፍና በተጨማሪ መጓጓዣ ተመልሶ የሚገዛ በመሆኑ፣ አንዳንድ ባለንብረቶች ለውድ ዕቃ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ መሄድን ይመርጣሉ። የጉዞው ወጪና የሚባክነው ቀን ግን ከቁጠባው ላይ መቀነስ አለበት።

ከዋጋ ወደ ወጪ

በካርቶን ላይ የተጻፈው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ነው። የእጅ ዋጋው፣ መኪናው የሚቆምበት ቀንና ዕቃው የሚያገለግልበት ርቀት ሲደመሩ ደረጃው ሊለወጥ ይችላል። ለስሌት እንዲያመች የሚከተለውን የሚኒባስ ፍሪሲዮን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ አኃዞቹ ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የወኪሉ ዕቃ 24 ሺህ፣ የታወቀ አምራች ዕቃ 15 ሺህ፣ አምራቹ የማይታወቀው 8 ሺህ ብር ቢሆን፤ ካምቢዮ አውርዶ ለመግጠም 4 ሺህ ብር ቢከፈልና በቆመበት ቀን 2 ሺህ ብር ገቢ ቢታጣ፣ ጠቅላላ ወጪው በቅደም ተከተል 30 ሺህ፣ 21 ሺህ እና 14 ሺህ ብር ይሆናል። የመጀመሪያው 100 ሺህ፣ ሁለተኛው 90 ሺህ፣ ሦስተኛው 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያገለግሉ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 30 ሳንቲም፣ 23 ሳንቲም እና 35 ሳንቲም ይደርሳል። ሲገዛ ርካሽ የነበረው በአገልግሎት ውድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ሦስተኛው ዕቃ ከወኪሉ ዕቃ ጋር እኩል ለመሆን ወደ 47 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ማገልገል ይኖርበታል።

ስሌቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም። በዓመት 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚሄድ የቤት መኪና 40 ሺህ ኪሎ ሜትር የአምስት ዓመት አገልግሎት ነው። ባለቤቱ መኪናውን ቀደም ብሎ ሊሸጠው ቢያስብ ርካሹ ዕቃ ሊያዋጣው ይችላል። ለመግጠም ብዙ ድካም የማይጠይቅ ዕቃ ሲሆን የእጅ ዋጋው ስለሚያንስ የዕቃው ዋጋ የበለጠ ሚዛን ይደፋል። ለመግጠም ሞተር ወይም ካምቢዮ የሚያስወርድ ሲሆን ደግሞ በዕቃው ላይ የሚደረግ ቁጠባ አደገኛ ይሆናል።

መቆጠብ የሚቻልበትና የማይቻልበት

የሰው ሕይወት የተመሠረተባቸው ዕቃዎች በመጀመሪያ ደረጃ ይቀመጣሉ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማዎችና ቱቦዎች፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ የእግር ኩሽኔታና ጎማ ከታወቀ አምራች ውጭ ባይገዙ ይመረጣል። ደረጃውን ያልጠበቀ የፍሬን ሸራ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ጉድለቱ ላይታይ ይችላል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ግን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በአንዳንድ ርካሽ ሸራዎች ውስጥ ሊኖር የሚችለው አስቤስቶስ ለመካኒኩ ሳንባ አደገኛ በመሆኑ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእ.ኤ.አ. 2005 መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል። ከዚህ ክፍል ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ፈጽሞ ሊገዛ አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ ሲበላሹ ሌላ ውድ አካል የሚያበላሹት ይገኛሉ። የታይሚንግ ቺንጋ በበርካታ ሞተሮች ላይ በድንገት ሲበጠስ ቫልቮች ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የውኃ ፓምፕና ቴርሞስታት በሙቀቱ አካባቢ ሲደክሙ ሞተሩ ይግላል። የዘይት ፊልትሮ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ወረቀትና ዘይቱ ሲወፍር የሚከፈተው ቫልቭ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በአቧራማው አካባቢ የአየር ፊልትሮም በዚሁ ሥር ይመደባል። በዚህ ክፍል የታወቀ አምራች ዕቃ ብዙውን ጊዜ የተሻለው ምርጫ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ያሉት ኮፈን፣ በር፣ ፓራፋንጎ፣ መስተዋት፣ የውስጥ መቀመጫና የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ላይ ተለዋጭ ወይም ያገለገለ ዕቃ መግዛት ጉዳት የለውም። ፋናሌ ግን ብርሃኑ ተስተካክሎ መውደቁ መረጋገጥ አለበት።

በቤት ውስጥ ሊከናወኑ የሚችሉት ሥራዎች ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ አምፖልና የዝናብ መጥረጊያ መለወጥ ናቸው። የባጃጅ አሽከርካሪዎች የፍሪሲዮን ገመድና ካንዴላም ራሳቸው ሲቀይሩ ይታያል። በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሌላ ድጋፍ ባልተደረገለት መኪና ሥር መግባት አይገባም። የተቀየረው ዘይት ወደ አፈር ወይም ወደ ፍሳሽ ቢደፋ የከርሰ ምድር ውኃንና ሐይቆችን ስለሚበክል በዕቃ ተጠራቅሞ ለጋራዥ መሰጠት ይኖርበታል።

ዕቃን የመለያ ዘዴ

ወደ ገበያ ከመወጣቱ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬው ላይ መያዝ፣ ከተቻለም የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አሥር ምልክቶች ያሉትና አምስት በአምስት ተከፍሎ የሚጻፍ ነው። የታወቁ አምራቾች በካርቶናቸው ወይም በመዘርዝራቸው ላይ የራሳቸው ቁጥር ከመኪና ፋብሪካው ቁጥር ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ያሳያሉ።

የካርቶኑ ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም የፊደል ግድፈት ያለበት፣ በዕቃው አካል ላይ ምንም ቁጥር ያልታተመበት፣ ክብደቱ ከአሮጌው የቀለለ፣ ዋጋውም ከሌሎች ሱቆች እጅግ ያነሰ ሲሆን መጠራጠር ተገቢ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተፈቀደ የፍሬን ሸራ በክብ ውስጥ የተጻፈ "ኢ" የተባለ የላቲን ፊደልና ቁጥር ያለበት ሲሆን፣ ምልክቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 90ን ማሟላቱን ያመለክታል። በጎማ ጎን ላይ በሞላላ ቅርጽ ውስጥ የሚገኙት አራት አኃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ "2319" ቢል በእ.ኤ.አ. 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

የዋስትናና የሕግ ሁኔታ

ባለመኪናው ከወኪል ውጭ ዕቃ ቢገዛ ዋስትናው ይቋረጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮች በሕግ መልስ አግኝቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን በራሱ ስም ከሚሸጥ ዕቃ ጋር እንዳያስር በመርህ ደረጃ ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1400 የዕቃ አምራቾች ለመኪና ፋብሪካ የሚያቀርቡትን ዕቃ በራሳቸው ስም ለገበያ እንዲሸጡ መንገድ ከፍቷል።

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት ደንግጓል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ደግሞ የሌላን ምልክት አስመስሎ መጠቀምን ይከለክላል። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በቅናሽ ቢገኝም ጉድለት ሲታይ ገዢው የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የፍሬንና የመሪን ብቃት የሚያካትት ቢሆንም፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚገጠመውን ዕቃ የሚቆጣጠረው ባለንብረቱ ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች

በመንግሥት ግዢ የዕቃ መግለጫ በአንድ የንግድ ምልክት ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንዲዘጋጅ አይፈለግም፤ ምልክት መጥቀስ ግድ ሲሆን "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል ሐረግ ይታከላል። ችግሩ የሚፈጠረው "ተመጣጣኝ" ምን እንደሆነ ሳይብራራ ሲቀር ነው። "የፍሬን ሸራ፣ ለሚኒባስ፣ 20 ስብስብ" ብቻ የሚል መግለጫ ለአነስተኛ ዋጋ አቅራቢ በሩን ከፍቶ ስለ ጥራት የሚጠይቅበትን መንገድ ይዘጋል። በመግለጫው ላይ የመኪና ፋብሪካውን የዕቃ ቁጥር፣ የሚጠየቀውን የደረጃ ምልክት፣ በኪሎ ሜትርና በወር የተገለጸ ዋስትና፣ እንዲሁም ናሙና ማቅረብን ማካተት ሕጉን ሳይነካ ጥራትን ለማስጠበቅ ያስችላል።

ርክክቡም ጥንቃቄ ይሻል። ዕቃው በሞዴል 19 ሲገባ በካርቶኑ ስም ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ በዕቃው ላይ የታተመው ቁጥር ቢጻፍ፣ በሞዴል 22 ሲወጣ የተሽከርካሪው ሰሌዳና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ቢያዝ፣ የተፈታው አሮጌ ዕቃም ወደ ንብረት ክፍል ቢመለስ፣ መሥሪያ ቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ዕቃ ስንት ኪሎ ሜትር እንዳገለገለ ከራሱ መዝገብ ማወቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከላይ በምሳሌ የቀረበው ስሌት በትክክለኛ አኃዝ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ጨረታም በአንድ ኪሎ ሜትር በሚወጣው ወጪ ሊመዘን ይችላል።

በአጠቃላይ ገዢው ከወኪል ወይም ከሱቅ ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት የዕቃውን አምራች ማንነት ማጣራት ይኖርበታል። አምራቹ ታውቆ፣ ቁጥሩ ተመሳክሮና ደረሰኝ ተይዞ የሚገዛ የሱቅ ዕቃ በብዙ ጥገናዎች ከወኪል ዕቃ ያነሰ ወጪ ያስከትላል። አምራቹ የማይታወቅ የፍሬንና የመሪ ዕቃ ግን በማንኛውም ዋጋ ቢቀርብ ሊገጠም አይገባውም።